በእኔ ዓይን የተገዛው ጠመንጃ

ጋሼ ካረፈ ሁለት ወር ሆነው። ትናንት ቁም ሳጥኑን ስከፍት የጠመንጃ ዘይት ሸተተኝና በስደት በምንኖርበት ከተማ፣ ቡፎርድ ሃይዌይ የሚባለው ጎዳና ላይ የነበረው የመሣሪያ መደብር ትዝ አለኝ።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ ነው። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ፓርኪንግ ይሠራል፤ ከሥራ ጓደኞቹ ጋር አጋዘን ለማደን ፈቃድ አውጥቷል። ያጠራቀመው የሚበቃው ወይ ለአዲስ ጠመንጃ ከርካሽ ማነጣጠሪያ መነጽር ጋር፣ ወይ ሰደፉ ለተጫጫረ አሮጌ ከጥሩ መነጽር ጋር ነው። አዲሱን እየደጋገመ ይዳብሳል።

"አሮጌውን ከያዝክ፣ ዱላ ይዞ መጣ ብለው ይስቁብሃል" አለው ጓደኛው ተስፋዬ።

ጋሼ ባለሱቁን አስፈቅዶ ሁለቱን መነጽሮች ብቻ ይዞ ደጅ ወጣና ለእኔ ሰጠኝ።

"እኔ አዲሱን ወድጄዋለሁ። የወደደ ዓይን አያይም። አንተ እይልኝ።"

ነገሩ በደንብ አልገባኝም። ከመንገዱ ማዶ ጎማ የሚቀይር ሰውዬ ነበር። በርካሹ ሳየው ጥላ ነው። በሌላው ግን የሸሚዙ ቁልፍ እንኳ ታየኝ።

"አንዱ ቁልፍ ወልቋል" አልኩ።

"እንዳትዋሸኝ። አጥርቼ ሳላይ ከተኮስኩ አጋዘኑ ቆስሎ ጫካ ውስጥ ሲሰቃይ ነው የሚያድረው።"

"አይቻለሁ፣ ጋሼ።"

እሱ ራሱ አላየም። ገብቶ አሮጌውን ጠመንጃ ከጥሩው መነጽር ጋር ገዛ።

"የሕፃን ወሬ ሰምተህ?" አለ ተስፋዬ።

"የወንድሜን ቃል ሰምቼ" አለው።

ልቅሶው ላይ ሰዎች ስለ ደግነቱ ብዙ አወሩ። እኔ ሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም። ቢሆንልኝ ኖሮ፣ ጋሼ ገና በዘጠኝ ዓመቴ ሰው አድርጎኛል እል ነበር።