ሳህኑ ባዶውን አይመለስም

ሳቭሪሞ ዕድሜዋን ሙሉ ላም ስታልብ ኖራ ላም የላትም። በሶቪየት ጊዜ በመንግሥት እርሻው እጇ የተመሰገነ አላቢ ስለነበረች ፎቶዋ ከጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ ተሰቅሎ ነበር። ከዚያ ሶቪየት ፈረሰ፣ ጦርነቱ ተከተለ፣ ባሏን ወሰደባት። የእርሻውን ላሞች ማን እንደነዳቸው የሚያውቀው ያው የነዳቸው ሰውዬ ነው። ልጇ ለግንበኝነት ሩስያ ሄደ። መጀመሪያ ገንዘብ ይልክ ነበር፣ በኋላ ሰላምታ ብቻ፣ አሁን ሰላምታውም ቀርቷል። ቤት ውስጥ የቀሩት ምራቷ ሙሃዮና ጥርስ ያላወጣችው የልጅ ልጇ ማሂና ናቸው። የሙሃዮ ጡት ደርቋል። ሕፃኗ ሻይ ውስጥ እየተነከረ በሚሰጣት ዳቦና አልፎ አልፎ በምትገኝ እንቁላል ነው ነፍሷን ያቆየችው።

የላሟን ወሬ ያመጣችው ኦይጉል ናት፤ በአንድ የጭቃ አጥር የምትዋሰናት ጎረቤቷ። አንድ የውጭ ድርጅት ለድሆች የሚታለቡ ላሞች ያድላል፣ ለእነሱ ሰፈር የደረሰችው ግን አንዲት ናት። ቤት ለቤት ዞረው አይተው ለባሰባት ይሰጣሉ።

«ነገ ይመጣሉ፣ ካንቺ ነው የሚጀምሩት» አለቻት።

«ከኔ? ውይ በሞትኩት! ምን ላይ ላስቀምጣቸው ነው?»

የእኛ ሰው በሽታው ይሄ ነው። ሌላ አገር ቢሆን ኖሮ ሳቭሪሞ እሰየው ብላ ያለቻትንም አሮጌ ምንጣፍ ትደብቅ ነበር። እኛ ዘንድ ግን እንግዳ ባዶ ወለል ላይ ከሚቀመጥ መሬት ተከፍታ ብትውጠን እንመርጣለን። ኦይጉልም ያደገችው እዚያው መንደር ነውና፣ «ቀልብሽን ሰብስቢ፣ የኔ አለ አይደል!» ብላ ከጥሎሽ የተረፋትን ቀይ ምንጣፍና በጥጥ የተሞሉ ባለ አበባ ፍራሾቿን በአጥሩ ላይ አሻገረችላት። ዘቢብና ለውዝም ጨመረችበት። እሷ ቤት የሚመጡት በማግስቱ ይሆናል ብላ አስባለች።

ሳቭሪሞ ደግሞ ዶሮዋን አረደች። ለማሂና እንቁላል የምትጥለዋን፣ ያለቻትን አንዲት ዶሮ።

እንግዶቹ መጡ፤ አንድ ረጅም ፈረንጅና ፋራንጊስ የምትባል የዋና ከተማው የዱሻንቤ ወጣት። ፈረንጁ ምንጣፉን አየ፣ እስከ ጣሪያ የተከመረውን ፍራሽ አየ፣ የዶሮውን ሾርባ ጠጣ፣ ሳቀ። ፋራንጊስ ግን ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀች።

«አክስቴ፣ ይሄ ሁሉ የእርስዎ ነው?»

«የእንግዳ ነው፣ ልጄ! የእናንተ ነው። ብሉልኝ እንጂ!»

«እውነቱን ይንገሩኝ። አልተቸገሩም?»

ከመጋረጃው ጀርባ ማሂና ታለቅሳለች። ሙሃዮ ሕፃኗን ታቅፋ ብቅ አለች፤ አፏን ከፈተች። ሳቭሪሞ በዓይኗ መለሰቻት።

«ምን ጎድሎብን! አልሐምዱሊላህ» አለች። በእንግዳ ፊት ሌላ ቃል ከአፏ እንዴት ይውጣ? እኔን ብትጠይቁኝ እኔም እንደዚያው ነበር የምለው፣ ስለዚህም ነው የምናደደው።

ፋራንጊስ አንገቷን ደፋች። ሳይውሉ ሳያድሩ፣ ከዚያው ወጥተው በቀጥታ ወደ ኦይጉል ቤት ገቡ። ኦይጉል ባዶ ወለል ላይ ደረቅ ዳቦ ይዛ ተቀምጣ ነበር። ፍራሽ የለም፣ ምንጣፍ የለም፣ ዘቢብ እንኳ የለም። «ዕቃዬ እዚያ ያያችሁት ነው» ብትል ጎረቤቷን በእንግዳ ፊት ማዋረድ ሆነባት። ደረቁን ዳቦ ቆርሳ አቀረበችላቸው። ላሟ የኦይጉል ሆነች።

ኦይጉል እያለቀሰች መጣች። «ነይ ውሰጂያት፣ ያንቺ ናት!» አለቻት። ግን ላሟ ጆሮዋ ላይ ቁጥር ተደርጎላት ነበር፤ ለሌላ ሰው ያስተላለፈች ትነጠቃለች ተብሏል። ምንጣፉ በአጥሩ ላይ ተመለሰ፣ ፍራሾቹም ተከተሉ። ላሟ ወዲያ ማዶ ቀረች።

ከዚያ ወዲህ ኦይጉል በየማለዳው አንድ ሳህን ወተት በአጥሩ ላይ ታቀብላለች። ማሂና ጠጥታ ጠግባ ተኛች፤ ሙሃዮም አብራት ተኛች። ችግሩ ሳህኑ ነው። ከጎረቤት የመጣ ሳህን ባዶውን አይመለስም፤ ይሄን ያስተማረን ማንም የለም፣ አብሮን የተወለደ ነው። ሳቭሪሞ መጀመሪያ ሚሽሚሽ የሚባለውን የደረቀ ፍሬ አድርጋ መለሰች። ቀጥሎ የተረፋትን ለውዝ። ቀጥሎ ከቀሚሷ የፈታችውን የሐር ክር። ከዚያ ቤቱን ብትዞረው፣ መሶቡን ብታራግፈው፣ ምንም።

ሳህኑ መስኮቱ ላይ ዋለ፣ አደረ። በማግስቱ ኦይጉል በአጥሩ ላይ ተንጠራርታ ተጣራች።

«አንቺ! ሳህኔን በላሽው እንዴ? ባዶውን ስጪኝ፣ ምን ቸገረሽ?»

«እንዴት ብዬ?»

«እንዲህ ብለሽ!» እጇን ዘረጋች። «ልጅቷ ትራብልሽ ወይ? ስጪኝ አልኩሽ!»

ሳቭሪሞ ሳህኑን አነሳች። ከእጇ ሊወጣ አልቻለም። ውስጥ ማሂና ማልቀስ ጀምራለች። ሳቭሪሞ ቆመች፣ ዞረች፣ ወደ ምንጩ ሄደች። ሳህኑን በውሃ ሞልታ፣ እንዳይፈስ በሁለት እጇ ይዛ ተመለሰችና በአጥሩ ላይ አቀበለቻት። ፊቷን ግን ወደ ሌላ አዞረች።

ኦይጉልም ሳህኑን በሁለት እጇ ተቀበለች። ውሃውን አየች።

«አላህ ይስጥሽ» አለች። «ላሚቱ ጠምቷት ነበር።»

አሁንም እንደዚያው ነው። ጠዋት ወተት ይመጣል፣ ውሃ ይሄዳል። ላሟ ስትታለብ ድምፁ በአጥሩ አልፎ ይሰማል። ኦይጉል ማለብ አትችልበትም፤ ላሟ ትራገጣለች፣ ወተቱ ይደፋል። ባዶ እጅ ሰው ቤት አይገባምና፣ ሳቭሪሞ ወዲህ ማዶ ቆማ ጣቶቿን ትጨብጣለች፣ ትዘረጋለች። ምንጩ በረዶ የሚሆንበት ወር እየቀረበ ነው።