ሩዙን የነቀልኩበት ክረምት

ባለፈው ሐምሌ አንድ ቅዳሜ ከወረታ ወደ አባቴ ቤት፣ ወደ ቁሐር ሚካኤል ወረድኩ። ባጃጁ አስፋልቱ ዳር አውርዶኝ ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ በክረምት ባጃጅ አይደፍረውም። ጫማዬን በእጄ አንጠልጥዬ፣ ቀሚሴን ሰብስቤ፣ ጭቃውን እየረገምኩ ደረስኩ። ገና ደጅ ላይ ሳለሁ የታናሽ እህቴ ልጅ ስመኝ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ተቀበለችኝ።

«አክስቴ፣ እንኳን ደህና መጣሽ። ሰኞ የሩዝ አረም አለብን። አንቺ ግን ከቤት ትውያለሽ፤ አደራ!»

ግቢው በሙሉ ሳቀ። በእኛ ቤት ይህ ቀልድ አያረጅም። ወረታ ላይ ሃያ ዓመት እህል ነግጃለሁ፤ ሦስት ልጆች ድሬአለሁ፤ ጤፉን በዓይኔ አይቼ የየት አገር እንደሆነ እናገራለሁ። አረም ሲመጣ ግን ማንም ከሩዝ ማሳ አያስጠጋኝም። ትናንት የተወለደው ሕፃን ሳይቀር ያውቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ምን ላድርግ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ያኔ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር፤ እህቴ ይታይሽ፣ የስመኝ እናት፣ ደግሞ አሥራ ሦስት። ዛሬ ፎገራን ሰው የሚያውቀው በሩዝ ነው። ያን ጊዜ ግን በእኛ ሰፈር ሩዝ የዘራ አልነበረም። ክረምት ሲገባ ርብ ይሞላል፣ ሜዳው ሁሉ ውሃ ይሆናል፤ እኛም ውሃው እስኪሸሽ ቁጭ ብለን እንጠብቃለን። ሲሸሽ ጓያ እንዘራለን፣ ሽምብራ እንዘራለን። ነሐሴ ላይ ጎታው ባዶውን ይቀራል። እናቴ እህል ስትሰፍር በሁለት እጇ ሳይሆን በአንድ እጇ መስፈር የምትጀምርበት ወር ነበር። ሳንጠግብ እንደጠገበ ሰው ከገበታ የምንነሣበት ወር።

አባቴ ከወረታ ማዶ ካለ ዘመዳቸው ቤት ውለው አንድ ቁና የሩዝ ዘር ይዘው መጡ። «ይኼ ውሃ ይወዳል አሉ» አሉን። «እኛ የምንሸሸውን ውሃ ይወዳል!» ዘሩን ከዘንቢሉ እያፈሱ እንደ ሕፃን ደስ ብሏቸው ያሳዩን ነበር። ችግሩ መሬቱ ነበር። ውሃ የሚተኛበት ማሳ የአባቴና የታላቅ ወንድማቸው የአያ ደርሶ ላሞች አብረው የሚግጡበት ሣር ነው። አያ ደርሶ ደግሞ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ከሰው ላም የሚያስበልጡ ሰው ነበሩ።

«የላሞቼን ሣር አርሰህ ሌላ ሣር ልትዘራ?» አሉ።

«እህል ነው እንጂ ሣር አይደለም፣ አያ።»

«አንድ ክረምት እሰጥሃለሁ። እህል ከሆነ እሰየው፤ መሬቱ ያንተ። ሣር ሆኖ ከቀረ ግን ላሞቼን ነድቼ አስገባለሁ፤ ዳግመኛም እንዳታነሣብኝ።»

ቃል ማለት ይኼ ነው። አባቴ ሰኔ ላይ አርሰው በተኑት። በቀለ። ሐምሌ ላይ ውሃው ቁርጭምጭሚት አለፈ፤ ማሳውም ለመለመ። እኛም በየቀኑ እየሄድን እናያለን፤ ስለምናየው ነገር ግን ማናችንም አናውቅም።

እናቴ ጉልበቷን ታማ ወደ ወንዛዬ ፍል ውሃ ሄደች። ሳምንት ትቆያለች ተባለ። አንድ ማለዳ አባቴ በሬዎቻቸውን ነድተው ለጎረቤት እርሻ ወንፈል ወጡ፤ ዛሬ እኛ ለእሱ፣ ነገ እሱ ለእኛ የሚባለው ሥራ ነው። ቤቱ ለእኔና ለይታይሽ ቀረ። እኔ መቼም ቁጭ ማለት አላውቅም።

«ተነሺ» አልኳት። «አባባ ሳይመጡ ሩዙን አርመን እንቆያቸው።»

«ታውቂዋለሽ?»

«ጤፍ ያረመ ሰው ይኼ ያቅተዋል?»

ጤፍ አራሚ ነበርኩ፤ ማንም አይቀድመኝም። ገባን። ውሃው ቀዝቃዛ ነው፤ ጭቃው እግር ይውጣል፤ አልቅቱ ደግሞ ሳይሰማሽ ባትሽ ላይ ተጣብቆ ይጠጣሻል። ማሳው ውስጥ ሁለት ዓይነት ቅጠል አለ። አንዱ ወፈር ያለ፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ ደረቱን ነፍቶ የቆመ። ሌላው ቀጠን ያለ፣ ገርጣ ያለ፣ ያዘነ የሚመስል። አባቴ ያን ያህል የተከራከሩለት እህል ይኼ ግርጥቱ ሊሆን አይችልም አልኩ። ወፍራሙ ሩዝ ነው፤ ቀጭኑ አረም። ይታይሽ እንኳን «እርግጠኛ ነሽ?» ብላ ነበር፤ «ዝም ብለሽ ንቀይ!» አልኳት። ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጎንበስ ብለን እየዘፈንን ግማሹን ማሳ አጸዳነው። የነቀልነውን በውሃው ዳር ከመርነው። ወገባችን ቢቆረጥም ደስ ብሎን ነበር። ማታ አባባ ሲመርቁን እየታየኝ ነበር።

አባቴ ሲመለሱ እጃቸውን ይዘን ወሰድናቸው። ማሳውን አዩ። ፊታቸው ላይ ደስታ ነበር፤ በደንብ አስታውሳለሁ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ከክምሩ አንዲት እፍኝ አነሡ፤ ጭቃውን በውሃ አጠቡት። ከሥሩ ላይ አንድ ቢጫ ገለባ ተንጠልጥሏል። ያ ሰኔ ላይ በእጃቸው የበተኑት ዘር ገለባ ነው። ሌላ አነሡ፤ እሱም ላይ አለ። ወደ ቆመው ወፍራም ገብተው አንዱን ነቀሉ፤ ሥሩ ላይ ምንም የለም።

ያኔ ገባኝ። አባቴ ቁጡ ሰው ናቸው፤ በሬ ከመስመር ቢወጣ እንኳን ድምፃቸው ሦስተኛው ግቢ ይሰማል። ይታይሽ ከኋላዬ ተደብቃ ማልቀስ ጀመረች። እኔ ዱላውን እየጠበቅሁ ቆምኩ። አባቴ ግን ምንም አልተናገሩም። ለረጅም ጊዜ ያችን እፍኝ ይዘው ቆሙ። ከዚያ ሱሪያቸውን ሰብስበው ገቡና አንዷን ግርጥት በጣታቸው ጭቃው ውስጥ መልሰው ተከሏት።

«አልደረቀችም» አሉ። «ኑ።»

ያን ምሽት እስኪጨልም፣ በማግስቱም ሙሉ ቀን፣ የነቀልነውን አንድ በአንድ መልሰን ተከልን። ወፍራሙንም ነቅለን ጣልን። በማግስቱ አያ ደርሶ ላሞቻቸውን ይዘው ሲያልፉ ቆመው አዩን። «እግዜር ምን አሳየኝ? ሣር ስትተክሉ!» ብለው ሳቁ። ነገሩ ሲነገራቸው ደግሞ ጭራሽ ሆዳቸውን ያዙ። «እናኑ፣ ልጄ፣ አንቺ ነሽ ለላሞቼ የደረሽላቸው!» አሉኝ። ስሜ «ሩዝ ነቃይዋ» ሆኖ የቀረው ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው።

እናቴ ከወንዛዬ ስትመለስ የተተከለው ቢጫ ሆኖ ተኝቶ ነበር። ሁለት ሳምንት እንቅልፍ አልነበረኝም። በየጠዋቱ ማሳው ዳር እሄድና «እባክሽ ተነሺ» እላለሁ፤ ሩዝን እንደ ሰው። ከዚያ ተነሣች። ተነሣች ብቻ አይደለም፣ አንዷ አምስት ስድስት ሆና በቀለች፤ እኛ ያልነካነው ግማሽ ተጣቦ ሲቀጭጭ፣ መልሰን የተከልነው ግማሽ ዘለላው ጎንበስ እስኪል ያዘ። ኅዳር ላይ አጨድን። አያ ደርሶ መጥተው ዘለላውን በመዳፋቸው ፈተጉት፤ አንዷን ፍሬ በጥርሳቸው ሰበሯት። «እህል ነው» አሉ። ላሞቻቸውን ወደ ላይኛው ሜዳ ነዱ። ቃላቸውን አላጠፉም። በዚያ ዓመት የገና በዓል እናቴ ሩዙን በሙቀጫ ወቅጣ በላማችን ወተት ቀቀለችልን፤ አቤት ጥፍጥናው! የሚቀጥለው ነሐሴ እናቴ በሁለት እጇ ሰፈረች።

እንግዲህ ባለፈው ሐምሌ፣ ስመኝ ቀልዷን ጨርሳ ወደ ማጀት ስትገባ፣ እኔና አባቴ ብቻችንን ቀረን። ሰማንያን አልፈዋል። መደቡ ላይ ተቀምጠው፣ አገጫቸውን ዱላቸው ላይ አስደግፈው ዝናቡን ያያሉ።

«እናኑ» አሉኝ። «ይህችን ነገር ሲያነሡብሽ ይከፋሻል?»

«ኧረ የለም አባባ፤ ለመድኩት እኮ።»

ዓይናቸውን ከዝናቡ ወደ እኔ መለሱ። «ያን ጠዋት ወደ ወንፈሉ ስሄድ አንድ ሞፈር ረስቼ ተመልሼ ነበር። በማሳው ዳር አለፍኩ። አየኋችሁ።»

«ምን አዩን?»

«ቀጭኑን ስትነቅሉ፣ ወፍራሙን ስታስቀሩ።»

«ታዲያ ለምን አላስቆሙንም?»

«ልክ መስሎኝ ነዋ!» አሉ ጮክ ብለው። «እኔስ ሩዝ መቼ አውቃለሁ? እንዲያውም ልጆቼ አደጉልኝ ብዬ መርቄያችሁ አለፍኩ።»

ከሠላሳ ዓመት በላይ! «ይህን ሁሉ ዘመን ብቻዬን ሲሳቅብኝ?»

«ደርሶ በሕይወት እያለማ እንዴት ብዬ ልናገር? እህል ከሣር የማይለይ ይለኝ ነበር፤ መሬቱንም አይሰጠኝም ነበር። ከዚያ በኋላ ደግሞ ቆየና አፈርኩ። አንቺ ላይ ጥዬው ኖርኩ። ይቅር በይኝ ልጄ።»

አባቴ በሕይወቴ ይቅርታ ሲጠይቁኝ የመጀመሪያቸው ነው። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ሳቄም አብሮ መጣ። ምክንያቱም እኔ ልጆቼን ያሳደግሁት በዚያች ቀን ትምህርት ነው። ሳህን ሲሰብሩ፣ ወተት ሲደፉ፣ ትልቋ ልጄ ወዳጅ መያዟን የሰማሁ ጊዜ እንኳን፣ እጄ ሊነሣ ሲል አባቴ በውሃው መሃል ዝም ብለው የቆሙት ይታየኛል። አባባ ያን ሁሉ ዝም ካሉ እኔ ይህን ዝም ማለት ያቅተኛል? እያልኩ ስንት ቁጣ ዋጥኩ። ለካ ትዕግሥት ብዬ የተማርኩት እፍረት ኖሯል።

ይህንኑ ነገርኳቸው፤ እንዳለ፣ ሳልቀንስ። አባቴ አገጫቸውን ከዱላው አነሡና በጥሞና ሰሙኝ።

«አንዱንም አልመታሽም?»

«አንዱንም።»

«እሰይ!» አሉ። «እንኳንም ዝም አልኩ!»