ኳስ የምታቀብል አሰልጣኝ

ከአረብ አገር ስመለስ ሁለት ነገር ይዤ መጣሁ፤ በጀሶ የታሰረ ግራ እግርና «ሃዲር» የምትል ቃል። እግሬን የሰበርኩት የእመቤቴን መስኮት ስወለውል ከመሰላል ወድቄ ነው። ቃሏ ግን ስድስት ዓመት ሙሉ ከአፌ ሳትወጣ ውላ አታውቅም። እመቤቴ ስትጠራኝ «ሃዲር»፣ ልጅ ሲያለቅስ «ሃዲር»፣ በር ሲንኳኳ «ሃዲር»። እሺ፣ መጣሁ ማለት ነው። አገሬ መካነ ሰላም ገብቼም እናቴ በጠራችኝ ቁጥር «ሃዲር» እላታለሁ፤ እሷም በሳቅ ትሞታለች።

ጀሶው ከተፈታ በኋላ ግድግዳ እየተደገፍኩ ከመደቡ እስከ ደጃፉ፣ ከደጃፉ እስከ መደቡ ከመመላለስ አላለፍኩም። ወጌሻው ከወግዲ መጥተው እግሬን አገላብጠው አዩና እናቴን «አጥንቱስ ገጥሟል፤ ልጅቷ ናት ፈርታ የተቀመጠችው። ሜዳ ያውጧት» አሏት።

እናቴ እንድድን የፈለገችው ተመልሼ እንድሄድ ነበር። ክፉ ሆና አይደለም። በሰፈራችን ቆርቆሮው የሚያብረቀርቅ ቤት ሁሉ አንዲት ልጅ ባሕር ማዶ አለችው፤ እኔ የላክኩት ግን ለዕለት ቀለብ ስላለቀ የእኛ ቤት ገና የሣር ክዳን ነበር። ወደ አረብ አገር የላከኝ ደላላም በየሳምንቱ እየደወለ «እግሯ እንዴት ሆነ?» ይላል። ከዘመዶቼ ሁሉ ስለ እግሬ እንደሱ ያሰበልኝ አልነበረም።

ሜዳው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ነው። ልጆቹ «ቲቸር» የሚሉት የስፖርት አስተማሪ ጠዋት ጠዋት በክራንች እንድዞረው ፈቀደልኝ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? እንቁላሉ እኔ ነበርኩ። ተማሪ ሲስቅብኝ ክራንቼን አነሳበታለሁ። አንድ ቀን ቤቴ ልደርስ ስል ክራንቼን ሜዳ ላይ ረስቼው መምጣቴ ትዝ አለኝ። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከደስታ ነው፤ ግን የሚያልፉት ሴቶች ሰው የሞተብኝ መስሏቸው አብረውኝ ከንፈር መጠጡ።

ከዚያ ወዲያ ሶምሶማ መሮጥ ጀመርኩ። ቲቸር ክፍል በበዛበት ጊዜ ደግሞ የሴቶቹን መረብ ኳስ እንድይዝለት ሰጠኝ። በዚያ ዘመን ሁሉም ነገር አንድ ለአምስት የሚደራጅበት፣ በየስብሰባው «ሴት ተሳታፊ አምጡ» የሚባልበት ነበር። ደሴ ላይ የአሰልጣኞች ስልጠና ሲዘጋጅ ከወረዳችን የተገኘሁት ሴት እኔ ብቻ ነኝ። እናቴ አሰበችና «የአሰልጣኝነት ወረቀቱን ካገኘሽ ትቀሪያለሽ። ካላገኘሽ ደላላውን እሺ እንለዋለን» አለችኝ። ተስማማሁ።

በስልጠናው ማብቂያ የጽሑፍ ፈተናውን አለፍኩ። የሜዳ ላዩ ጊዜ ግን ኳሷ ከመስመር ስትወጣ ሮጬ አነሳሁ። ደግማ ወጣች፤ ደግሜ ሮጥኩ። አንዷ ተጫዋች ውሃ ጠማኝ ስትል «ሃዲር!» ብዬ ጀሪካኑን አቅፌ ደረስኩላት። ፈታኙ ብዕሩን አስቀመጠና «እህቴ፣ ልታሰለጥኚ ነው የመጣሽ ወይስ ልታስተናግጂ?» አለኝ። ወደቅኩ። ከሁለት ወር በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ በድጋሚ እንድፈተን ተፈቀደልኝ። ስመለስ በመኪናው መንገድ ሁሉ የእመቤቴ ቤት ኮሪደር ነበር የሚታየኝ።

ቲቸር ሲሰማ «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» ብሎ እስኪያለቅስ ሳቀብኝ። ከዚያ ኖራ አምጥቶ ሜዳው ዳር ክብ አሰመረልኝ። «ስታሰለጥኚ ከዚህ አትወጪም። ከወጣሽ ሜዳውን ትዞሪያለሽ» አለኝ። ልጆቹም ተንኮላቸው፣ ሆን ብለው ኳሷን ወደ ውጭ ይለጓታል። በመጀመሪያው ሳምንት ከማሰልጠን ይልቅ ስዞር ዋልኩ። ቁሜ ስቀር ደግሞ እጄን የማደርግበት አጣሁ። ስድስት ዓመት ባዶ ሆኖ የማያውቅ እጅ ነው። በኋላ እጄን ወገቤ ላይ ጫንኩና፣ በገዛ ራሴ ተናድጄ፣ «ኳስ!» ብዬ ጮህኩ። አንዷ ልጅ በርግጋ ሮጣ አመጣችልኝ። ማንም አልሞተም።

በሁለተኛው ፈተና የደሴ ሜዳ ላይ ኖራ አልነበረም፤ ክቡን በልቤ አሰመርኩት። አለፍኩ። እናቴ ሰርተፊኬቱን ተቀብላ ፊትና ጀርባውን አየችው፤ ማንበብ አትችልም። ሳጥኗ ውስጥ ከተተችው። ደላላው እንደ ወትሮው መደወሉን አላቆመም፣ እሷም «አትሄድም» አላለችውም። ቃሏን የምታጥፍ መሰለኝ።

በሳምንቱ፣ ከገበያ ስትመለስ፣ ሳትነግረኝ ሜዳው ዳር መጥታ ቆመች። እኔ አላየኋትም። ኳሷ ከመስመር ወጥታ ስትንከባለል ዞር ሳልል «ኳስ!» ብዬ ጮህኩ። ማንም አልሮጠም። ብዞር ኳሷ ያለችው እናቴ እግር ሥር ነው። በእኛ አገር ልጅ እናቱን አያዝም። ደንግጬ ልሮጥ አንድ እግሬን አነሳሁ።

እናቴ ግን ዘንቢሏን አስቀምጣ ጎንበስ አለች። ኳሷን አንስታ አቧራዋን በነጠላዋ ጠረገችና ሜዳውን አቋርጣ መጣች።

«ሃዲር» አለችኝና እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ።

ልጆቹ ሳቁ፣ እሷም ሳቀች። እኔ እንባዬ እየወረደ ፊሽካዬን ነፋሁ።

አብረን ወደ ቤት ስንሄድ ስልኳ ጮኸ። ደላላው ነው፤ ድምፁ ለእኔም ይሰማኛል። እንደ ወትሮው እግሬን ጠየቀ።

«እግሯማ ድኗል፣ አልሐምዱሊላህ» አለችው እናቴ። «ግን እዚሁ ሥራ ይዛለች።»