እትዬ ዋጋዬ የኮረፉበት ወፍጮ ቤት

ሰርክአዲስን ቁጣ ናፈቃት። ሰው ምን የማይናፍቀው ነገር አለ፤ እሷን የናፈቃት ግን የእትዬ ዋጋዬ ቁጣ ነበር። ከእንጅባራ ገበያ ዝቅ ብሎ ባለው ወፍጮ ቤት በር ላይ፣ ሚዛኑ አጠገብ ቆማ እህል ስትቀበል ዓይኗ ወደ መንገዱ ይሄድና ባዶውን ይመለሳል። "ዛሬም አልመጡ" ትላለች ለራሷ።

እኒህ ሴትዮ እንዴት ያሉ ደንበኛ መሰሏችሁ። ቤታቸው ከከተማው ዳር፣ ከባሕር ዛፉ ወዲያ ነው። ገብሳቸውን ተሸክመው ሲመጡ ገና ከሩቅ ይጀምራሉ፦ ተራ አዛብታችሁብኛል፣ ያለፈው ዱቄት በቆሎ በቆሎ ይል ነበር፣ ድንጋዩ ከተወቀረ ስንት ዘመኑ ነው። አማርኛው ሲጠባቸው ወደ አገውኛ ይሻገራሉ፤ ያኔ ነገሩ የምር ነው። ሌላው ሠራተኛ ገና ሲያያቸው ጓዳ ይገባል። ሰርክአዲስ ግን አትሸሽም። መጀመሪያ ሸክማቸውን ተቀብላ ታወርዳለች፤ ቀጥላ ጆንያ ላይ ታስቀምጣቸዋለች፤ ከዚያ እስኪበቃቸው ድረስ ትሰማለች። ከተቆጣ ሰው ሁሉ ጋር እንዲህ ነበረች። "ሸክሙ ሳይወርድለት የሚናገረው ሰውየው አይደለም፣ ትከሻው ነው" ትል ነበር።

ገብሱ ተፈጭቶ ሲያልቅ እትዬ ዋጋዬ ቆንጠር ያደርጉና በጣታቸው መሃል ያሹታል።

"ይኼ ዱቄት ነው ቂንጬ?"

"ቂንጬ ከሆነማ ቅቤውን ይዘው ይምጡና አብረን እንብላ።"

"ለአንቺ ነው ቅቤ? እንኳን ቅቤ አሬራም አላቀምስሽ።"

ሁልጊዜ በዚሁ ያልቃል። የተሰለፈው ሁሉ ይስቃል፤ እሳቸውም ፊታቸውን አዙረው ይስቁና ዱቄታቸውን ይዘው ይሄዳሉ። ያኔ የናፍጣው ሞተር ዱግ ዱግ ስለሚል ሁለቱም እየጮሁ ነበር የሚነታረኩት። ደግ ዘመን ነበር።

ኋላ ሽማግሌው የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ደከሙና ልጃቸው ይኸነው ሥራውን ተረከበ። ይኸነው ክፉ ልጅ አይደለም። በመብራት የሚሠራ ወፍጮ አስገባ፣ ግድግዳውን ቀባ፣ ስለ ደንበኛ አያያዝም ስልጠና ወስዶ መጣ።

"ሰርኬ" አላት፣ "ከእንግዲህ ከሰው ጋር እሰጥ አገባ የለም። ማንም ይምጣ ማን 'ውድ ደንበኛችን፣ ምን እንታዘዝ?' ነው የምትይው።"

የከተማው ሰው ወደደው። መምህሩም የቢሮው ሰውም "ውድ" ሲባል ደረቱን ነፋ ያደርጋል። ሰርክአዲስም ብትሆን አልጠላችውም።

ታዲያ በሐምሌ እትዬ ዋጋዬ ዝናብ ደብድቧቸው መጡ። ሰርክአዲስ ሸክማቸውን ልትቀበል እጇን ስትዘረጋ ይኸነው ከኋላዋ ጉሮሮውን ጠረገ። እጇን ሰበሰበችና "ውድ ደንበኛችን እትዬ ዋጋዬ፣ ምን እንታዘዝ?" አለች።

ከሰልፉ አንድ ቀልደኛ ቀበል አድርጎ "ዋጋዬማ ውድ ናቸው፤ ዱሮስ መቼ ረክሰው ያውቃሉ" አለ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ሰርክአዲስም ሳታስበው ፈገግ አለች። እሳቸው ግን አልሳቁም። በአማርኛም በአገውኛም አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ፣ ገብሳቸውን እንደተሸከሙ ዞረው ሄዱ።

ሳምንቱ አለፈ፣ ሌላውም ተከተለ። ወደ ሌላ ወፍጮ ቤት እንደሚሄዱ ተሰማ። ይኸነው "አንድ ጨቅጫቃ ቀነሰልን" አለ። ሰርክአዲስን ግን ጸጥታው አንገበገባት። እናቷ ከሞተች ወዲህ ከስተሻል፣ ገርጥተሻል፣ ይኼን ቀሚስ ጣዪው እያለ የሚቆጣት ሌላ ሰው አልነበራትም።

በፍልሰታ ጾም መካከል፣ ጭጋጉ ገለጥ ሲል፣ ጭቃውን እየረገጠች ቤታቸው ሄደች። እትዬ ዋጋዬ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ገብስ ያበጥራሉ። ቀና ብለው አዩዋትና ማበጠራቸውን ቀጠሉ።

"ምን ልትታዘዢ መጣሽ?"

"እትዬ ዋጋዬ፣ ይቅር ይበሉኝ። ውድ ማለቴ የምንወድዎ ማለቴ ነበር። በስምዎ መቀለዴ አልነበረም።"

"እሱን መች አጣሁት።" ሰፌዱን ጭናቸው ላይ አሳረፉ። "ሸክሜን ሳትቀበይኝ ቀረሽ። እንደ ባዳ አቆምሽኝ።"

ሰርክአዲስ አጠገባቸው ቁጢጥ አለች።

"አሁን የምሄድበት ቤት" አሉ እትዬ ዋጋዬ፣ "ምን ብዬ ብጮህ እሺ እናቴ፣ እሺ እናቴ ነው የሚሉኝ። ባሌ ከሞተ፣ ልጆቼም ከተበተኑ ወዲህ ደፍሮ የሚጣላኝ አንቺ ብቻ ነበርሽ። እሱም ቀረ።"

"ታዲያ ይመለሱ።"

"አያለሁ" አሉና ሰፌዳቸውን አነሱ።

ሰርክአዲስ ተመልሳ ይኸነውን "ሌላውን ሁሉ ውድ እላለሁ። እሳቸው ከመጡ ግን ተወኝ፤ አይሆንም ካልክ ሌላ ሰው ፈልግ" አለችው። ይኸነው አየት አደረጋትና "እንዳልሽ" አላት። እሷም በሩ ላይ ቆማ መጠበቋን ቀጠለች።

ፍልሰታ ተፈታ። በገበያው ቀን ወፍጮ ቤቱ ጢም ብሎ ሳለ ከመንገዱ ድምፅ ተሰማ፤ ተራ ስለሚያዛቡ ሰዎች አምርሮ የሚናገር ድምፅ። ሰርክአዲስ ሚዛኑን ትታ ዝናብ ውስጥ ሮጠች። ገና በሩ ሳይደርሱ ሸክማቸውን ተቀበለቻቸው። እስኪበቃቸው ተናገሩ፤ እስኪበቃቸው ሰማች። ገብሱም ተፈጨ። እትዬ ዋጋዬ ቆንጠር አድርገው አሹት።

"ይኼ ዱቄት ነው ቂንጬ?"

ሰርክአዲስ ልትመልስ አፏን ከፈተች። እንባ ቀደማት።

እትዬ ዋጋዬ ትንሽ ጠበቋት። ከዚያ እጃቸውን ከነጠላቸው ስር ሰደዱና በቅጠል የተጠቀለለ ነገር አውጥተው ሚዛኑ ላይ አስቀመጡ። ቅቤ ነበር።

"በይ እንግዲህ" አሉ፣ "ቂንጬውን አንቺ አብስይ።"