ከወንዝ ማዶ የሚታይ ጭስ

አቭጉስታ ላቭሬንትየቭና በየጠዋቱ ከአልጋዋ እንደ ወረደች፣ ፊቷን እንኳ ሳትታጠብ፣ የጭስ መውጫውን የብረት መክደኛ ትስባለች። መክደኛው ጥርሱን እንደሚያፋጭ ሰው ሲጢጥ ይላል። ማታ በምድጃው አፍ ደርድራ ያሳደረችው የበርች ዛፍ ፍልጥ በትናንቱ ሙቀት ደርቆ ይጠብቃታል። ከሥሩ የዛፉን ነጭ ልጣጭ ትወሽቅና ክብሪት ትጭራለች። ልጣጩ እየተንጣጣ ይጠቀለላል፤ ጥቁር ጭስ ያወጣል። ጭሱ ወደ ቤት ልግባ ወይስ ወደ ላይ ልውጣ እያለ ለአፍታ ካመነታ በኋላ በመውጫው ይነጉዳል።

ከዚያ ከጉድጓድ ውሃ ታመጣለች፤ ለድመቷ ወተት ትሰጣለች። ሲነጋጋ ወደ መስኮቱ ትሄድና መስታወቱ ላይ የረጋውን ውርጭ በጥፍሯ ፍቃ የሳንቲም ያህል ቀዳዳ ታበጃለች። በዚያች ቀዳዳ ወንዙን ተሻግራ ታያለች። ማዶ፣ በሽማግሌው ጎረቤቷ በዬርሞላይ ጣሪያ ላይ ጭስ ካለ ሻይ ትጥዳለች። ከሌለ አትጥድም፤ እዚያው ቆማ ትጠብቃለች።

የዛቦልዬ መንደር ልማድ ነው። ጭስ ሳይቆጠር ሻይ አይጠጣም። አቭጉስታ በሙሽርነት ወደ መንደሩ ስትመጣ የቤቶቹ ቁጥር አርባ ሦስት ነበር፤ ብርዱ በጠናበት ጠዋት አርባ ሦስት የጭስ ምሰሶ እንደ ተተከለ እንጨት ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሴቶቹ ጭስ አይተው ቤቱን ያነባሉ። ይህቺ ዳቦ እየጋገረች ነው፤ የዚያችኛዋ ባል እርጥብ እንጨት አምጥቶባታል፤ የእነ እንትና መውጫ ጥላሸት ሞልቶታል፣ ዘንድሮ ሳያቃጥላቸው አይቀርም። በነጋ ጊዜ የማይጨስ ቤት ከታየ ግን ሐሜቱ ይቆማል፤ ቅርብ ያለው ሰው ሥራውን ትቶ ይሄዳል። አሮጊቷን ፌቲኒያን ከድንች ጉድጓድ ያወጧት እንዲህ ነው። ማታ ድንች ልታወጣ ወርዳ እግሯ ተሰብሮ እዚያው አድራ ነበር። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ኖራ፣ ዘጠኙንም ዓመት ምን ያህል ድንች ታቅፋ እንዳደረች ስታወራ ሞተች።

አሁን በክረምት የሚጨሱት ቤቶች ሁለት ናቸው፤ የእሷና የዬርሞላይ። የሌሎቹ ቤቶች ባለቤቶች በበጋ ከከተማ ይመጣሉ፤ የመጀመሪያው ውርጭ ሲወርድ መስኮታቸውን በሳንቃ ቸንክረው ይሄዳሉ።

አቭጉስታ ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤቱ እሳት ለኳሽ ነበረች። ስድስት ምድጃ። ልጆቹ በሁለት ሰዓት ስለሚገቡ እሷ በአሥር ሰዓት ሌሊት፣ በረዶውን በጉልበቷ እየሰነጠቀች ትደርሳለች። ካረፈደች የብልቃጡ ቀለም ይረጋል፤ መምህሩም ብዕሩን እያነሳ ያሳያታል። በሠላሳ አንድ ዓመት ሁለት ጊዜ ረግቷል፤ ሁለቱንም ቀን እስከ ዛሬ ታስታውሳለች። መክደኛው የሚዘጋበትን ጊዜ ከሰዓት ሳይሆን ከፍሙ ትረዳለች። በፍሙ ላይ ሰማያዊ ነበልባል እስካለ ድረስ አይዘጋም፤ የዘጋ ሰው ተኝቶ አይነሳም። ሰማያዊው ከጠፋ በኋላ የዘገየ ደግሞ ሙቀቱን ለሰማይ ይሰጣል። ልጆቹ እርጥብ የሱፍ ጓንታቸውን በምድጃው ጎን ሲያሰጡ ክፍሉ በግ በግ ይሸታል። ከምድጃው ጀርባ፣ ማንም አያየንም ብለው፣ በሚስማር ስማቸውን ጡቡ ላይ ይጭራሉ። እሷ ታያለች፤ ዝም ትላለች። ልጇ ቫዲምም ጭሯል።

ትምህርት ቤቱ የተዘጋው ተማሪዎቹ ወደ አራት ሲወርዱ ነው። በሚቀጥለው ክረምት ስድስቱን ምድጃዎች የሠራቸው ዬርሞላይ ኩዝሚች በገዛ እጁ አፈረሳቸው። ጡቡን በበረዶ ተንሸራታች ጋሪ ጭኖ በረጋው ወንዝ ላይ ወደ ማዶ ሲያሻግር አቭጉስታ ዳር ቆማ ነበር።

"ልጇን የምትበላ ድመት ነህ!" አለችው።

"ጡብ ለበረዶ ከሚቀር ለሰው ይሁን" አላት፤ ተንሸራታቹን ግን አላቆመም።

ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ዓመት ሰላምታ የለም። ጭስ ግን ይተያያሉ። ሰላምታ ሌላ፣ ጭስ ሌላ።

ዘንድሮ የአቭጉስታ ቀኝ ትከሻ አስቸገረ። በጥር አንድ ዓርብ ማታ ቫዲም ከቮሎግዳ ከተማ በመኪና መጣ፤ ከኋላ ሁለት ነጫጭ፣ ጎማ ያላቸው የኤሌክትሪክ ማሞቂያዎች ጭኗል። አርባ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ሲናገር አባቱን ይመስላል።

"እማዬ፣ እስቲ እጅሽን ወደ ላይ አንሺ።"

"ምነው፣ ልትማርከኝ ነው?"

"አንሺው እስቲ።"

አነሳችው። ትከሻዋ ጋ ሲደርስ ቆመ።

"በዚህ እጅ ነው እንጨት የምትፈልጪው?"

"እንጨቱ ያውቀኛል። መጥረቢያውን ሲያይ ራሱ ይከፈላል።"

"ቀልዱን ተይው። ይኸው ስሚኝ፤ እስከ እሑድ እዚሁ ነኝ። እስከዚያ ምድጃው አይነድም፤ እነዚህ ብቻ ናቸው የሚሠሩት። ከበረደሽ ይዤያቸው እመለሳለሁ፤ ሁለተኛ አላነሳብሽም። ካልበረደሽ ግን በሚያዝያ ሰው አምጥቼ ይህን ተራራ አፈርሰዋለሁ። የቤቱን ሩብ እኮ በልቶታል! በቦታው ጥሩ አልጋ ይገባል።"

አቭጉስታ ምድጃውን አየችው፤ ጣሪያ ሊነካ የደረሰ፣ ከላዩ ሰው የሚተኛበት የጡብ ምድጃ ነው። ባሏ ፓቬል በመጨረሻው ክረምቱ ከላዩ ወርዶ አያውቅም ነበር፤ ቫዲምም ጥርስ ያወጣው እዚያ ላይ ተኝቶ ነው። እንቢ ልትል አፏን ከፈተች። ነገር ግን ክንዷ ከእሷ ቀድሞ እሺ አለ።

"እስከ እሑድ" አለች። "ቃሌ ነው።"

በዚያ ማታ በምድጃው አፍ ፍልጥ አልደረደረችም።

ቅዳሜ ስትነቃ ፀሐይ መስኮቱ ላይ ነበረች። ቤቱ ሞቋል፤ ከዳር እስከ ዳር እኩል ሞቋል። ማሞቂያው ቀስ ብሎ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። የሚጠራት ነገር ስለሌለ መልሳ ዓይኗን ጨፈነች። ከሠርጓ ወዲህ እንዲህ ተኝታ አርፍዳ አታውቅም። ድመቷ ብቻ በቀዘቀዘው ምድጃ ላይ ተቀምጣ ተበድያለሁ በሚል ፊት ታያታለች።

አራት ሰዓት ሲሆን በሩ በቡጢ ተደበደበ።

ቫዲም ከፈተ። ዬርሞላይ እስከ ወገቡ በረዶ ለብሶ ቆሟል። ቅንድቡ ነጭ፣ ጉንጩ ላይ ብርድ የመታው፣ እንደ ሻማ የገረጣ ሁለት ቦታ። ከኋላው ተንሸራታች፣ በተንሸራታቹ ላይ መጥረቢያና የታጠፈ ብርድ ልብስ። ዕድሜው ሰባ ዘጠኝ ነው፤ ብርዱ ደግሞ ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ።

"የት ናት?" ብሎ ጮኸ። ጆሮው ከከዳው ወዲህ የሚናገረው ሁሉ በጩኸት ነው።

"ማን፣ ጋሼ ዬርሞላይ?"

"እናትህ ናታ! አልጋዋ ላይ ናት ወይስ ወድቃ?"

አቭጉስታ ሻሏን እየደረበች ከውስጥ ወጣች። "ምን ሆነህ ነው በር የምትሰብረው?"

ዬርሞላይ አያት። ከእግሯ እስከ ራሷ አያት። ከዚያ ቆቡን አወለቀና ጉልበቱ ላይ መትቶ በረዶውን አራገፈ።

"አለሽ?"

"አለሁ። ምነው፣ ከፋህ?"

"ጭስሽ የለም!"

አቭጉስታ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ስለ ክንዷ አስባለች፣ ስለ ልጇ አስባለች፣ ስለ አልጋው ሳይቀር አስባለች። በሕይወቷ ሙሉ የሰው ጭስ ስትቆጥር ኖራ፣ የእሷን የሚቆጥር ሰው እንዳለ ግን ዘንግታ ተኝታ ነበር።

"መጥረቢያው ለምንድን ነው?" አለ ቫዲም።

"ለበሩ።"

"ብርድ ልብሱስ?"

ዬርሞላይ ወደ ተንሸራታቹ ዞሮ አየ። "ለእሷ ነዋ። ወይ እግሯን ወይ ፊቷን ልሸፍንበት፤ እንዳገኘኋት።"

ቫዲም ሊስቅ ጀምሮ አልጨረሰውም።

አስገብተው ከማሞቂያው ፊት አቆሙት። ሽማግሌው ነጩን ሣጥን ዞሮ አየው። ከዚያ እንደ ማንኛውም የዛቦልዬ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ሊደገፈው ሲል ሣጥኑ ከጉልበቱ በታች ሆነበት፤ ሊወድቅ ነበር።

"ይሄ ለድመት ነው የተሠራው?"

"ዘመናዊ ነው፣ ጋሼ። ቤቱን በሙሉ ያሞቃል።"

"ቤቱማ ሞቋል። የበረደኝ እኔ ነኝ።"

አቭጉስታ በሱፍ ጨርቅ ጉንጩን ስታሸው ጣቶቹን አየች፤ ጫፋቸው ነጥቷል። ልጇን አልጠየቀችም። ሄዳ በግራ እጇ መክደኛውን ሳበችው። ሲጢጥ አለ።

"እማዬ፣ ቃልሽ እኮ..."

"ቃሌን በልቻለሁ። እንጨት አምጣ።"

ቫዲም እንጨት አመጣ፤ ደረደረ፤ ለኮሰ። ጭሱ አንድ ጊዜ ወደ ላይ ቀና ብሎ ተመለሰና ቤቱን ሞላው። ሦስቱም ሳሉ፤ ድመቷ አልጋ ሥር ገባች።

"የቀዘቀዘ መውጫ ላይ ታነዳለህ?" ዬርሞላይ እያሳለ ጮኸ። "ጥርስህን ያወጣኸው እዚህ ምድጃ ላይ አይደለም? ጋዜጣ አቃጥልና ከላይ በጭስ መውጫው ትንሿ በር አስገባ! መጀመሪያ መንገዱን አሙቅለት፤ እንግዳ በብርድ በር አይገባም!"

ቫዲም ጋዜጣ ጠቅልሎ፣ ለኩሶ፣ ክንዱን እስከ ክርኑ ድረስ በትንሿ በር አስገባ። በምድጃው ውስጥ አንድ ነገር ሁም አለ፤ ጭሱም እንደ ተጠራ ሰው ፊቱን አዙሮ ሄደ። ልጇ እጅጌው ጥላሸት ሆኖ ዞር ሲል አቭጉስታ ሳቋን በሻሏ ደበቀች።

ዬርሞላይ ጀርባውን ጡቡ ላይ አስደገፈ፤ ቀስ በቀስ የፊቱ ቀለም ተመለሰ። ሻይ፣ ጥቁር ዳቦና የጫካ ፍሬ ማርማላታ ቀረበ።

"ስልክ ልግዛልዎት" አለ ቫዲም ድምፁን ከፍ አድርጎ። "እናቴ ጠዋት ጠዋት ትደውላለች፤ ጭስም አያስፈልግም።"

"አለኝ። የማንኪያ መሳቢያ ውስጥ ነው። ልጄ የምትደውል ይመስለኛል፤ አልፎ አልፎ ማንኪያዎቹ ይንጫጫሉ።"

ሁሉም ጠጡ። ሽማግሌው ሁለተኛውን ብርጭቆ ሲቀበል አቭጉስታን ሳያይ ተናገረ።

"ዛሬ ቅዳሜ ነው። የእንፋሎት መታጠቢያ ቤቴን አሞቃለሁ። አንተ ልጅ ከእኔ ጋር ና፤ ስምህን ታየዋለህ።"

"የምን ስም?"

"በሚስማር የጫርከው ነዋ! 'ም'ን ጠማማ አድርገህ። ስም ያለባቸውን የትምህርት ቤቱን ጡቦች ለይቼ፣ ስሙን ወደ ውጭ አድርጌ በመታጠቢያ ቤቴ ምድጃ ላይ ነው የደረደርኳቸው። ሃምሳ ሰባት ናቸው። ስታጠብ አነባቸዋለሁ፤ ግማሾቹ ልጆች አሁን የት እንዳሉ እንኳ አላውቅም።"

አቭጉስታ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። "አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለምን አልነገርከኝም?"

"መች ጠየቅሽኝ? ድመት ብለሽኝ ሄድሽ።"

"ድመት ነህ፤ ድመት ብያለሁ" አለች። ከዚያ ተነስታ ማርማላታውን ወደ እሱ ገፋችለት።

ቫዲም በዚያ ከሰዓት ሽማግሌውን በተንሸራታቹ ላይ አስቀምጦ፣ ብርድ ልብሱን አልብሶ ወንዙን አሻገረው። ሲመለስ ፀጉሩ ርሷል፤ ጫፉም በረዶ ሠርቷል። እሑድ ከጠዋት እስከ ማታ እንጨት ፈለጠ፤ በቀጭን በቀጭኑ ፈልጦ፣ እጅ ማንሳት እንዳያሻት በመግቢያው ውስጥ እስከ ወገቧ ብቻ ከመረው። አንዱን ማሞቂያ አልጋዋ አጠገብ ተወው፤ ሌላውን መኪናው ላይ መልሶ ጫነ። ሞተሩን አስነስቶ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ቆየ።

"የሚያዝያውን ሰው አላመጣም" አለ። "በየሁለት ሳምንቱ እኔ መጥቼ እፈልጣለሁ። አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ፤ ያ መክደኛ ቅባት አይደረግለትም?"

"አይደረግለትም" አለች። "ሲጢጥ ካላለ በምን እነቃለሁ?"

ሰኞ ጠዋት መክደኛውን ሳበች፣ ልጣጩን ለኮሰች፣ ውሃ አመጣች። ሲነጋጋ ውርጩን በጥፍሯ ፋቀች፤ ማዶ ይጨሳል። ሻይዋን ጣደች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ዬርሞላይ መታጠቢያ ቤቱን ያሞቃል፤ አቭጉስታም ፎጣዋንና አንድ ብልቃጥ ማርማላታ ይዛ በረጋው ወንዝ ላይ ትሻገራለች።