ቆንጥጠህ አሳድጋት

እህቴ የሞተች ሰሞን ለቅሶ የደረሰ ሁሉ አንድ ቃል ትቶልኝ ይሄድ ነበር፤ ልጇን ቆንጥጠህ አሳድጋት። ሥርዓት አስተምራት ማለታቸው ነው። እኔ ቃሉን እንዳለ ወሰድኩት።

እህቴ ኮምቦልቻ ፋብሪካ በፈረቃ ትሠራ ነበር። ልጇ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ከእናቴና ከእኔ ጋር ነበረች። አንድ ቀን ለሥራ እንደወጣች እዚያው ታማ አልተመለሰችም። እናቴ ሐዘኑ አልጋ ላይ ጣላት። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ቤት የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩና፣ ልጅቷ ለእኔ ሆነች።

አራት ዓመቷ ነው። ሰው በመጣ ቁጥር፣ “እናቴ የማታ ፈረቃ ናት፤ ጠዋት ትመጣለች” ትላለች። ሰው እንደ አዲስ ያለቅሳል። እኔ አፈርኩ። ጓዳ አስገብቼ፣ ሁለተኛ እንዳትዋሺ ብዬ ክንዷን ቆነጠጥኳት። ሹራቡ የሚሸፍነውን ቦታ መርጬ ነው። መምረጤን አስታውሳለሁ።

አላለቀሰችም። የገባት መሰለኝ። ከዚያ ወተት ስትደፋም፣ ስጠራት ስትዘገይም ቆነጠጥኳት። እህቴ አንድም ቀን መትታት አታውቅም። የደፋችውን አብረው ይወለውሉ ነበር። እኔ ደግሞ “አሞላቀቅሻት” እያልኩ እስቅባት ነበር።

አንድ ቀን ከመዋዕለ ሕፃናት ልወስዳት ስሄድ አስተማሪዋ አስቆመችኝ። ትልቅ ሴት ናት። እጇን ስታስታጥባት ክንዷ በልዞ አይታለች። ምን ሆና ነው አለችኝ።

የሰፈር ልጆች ናቸው አልኩ።

ወደ ልጅቷ ዞረች። ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ።

“አዎ፣ ልጆች ናቸው” አለች።

እጇን ይዤ ወጣሁ። ጥቂት እንደሄድን፣ “አጎቴ፣ አሁን ዋሸሁ አይደል?” አለችኝ።

እጇን ለቅቄ ዞር ብዬ አየኋት።

“ቤት ስንደርስ ነው የምትቆነጥጠኝ፣ ወይስ እዚሁ?”

እጅጌዋን ወደ ላይ መሰብሰብ ጀምራ ነበር።

ተመለስን። አስተማሪዋ ክፍሉን እየጠረገች ነበር። “ቲቸር፣ ልጆች አይደሉም፤ እኔ ነኝ” አልኳት። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እሷ ግን ወንበር ሰጥታኝ፣ ለምን እንደቆነጠጥኳት ጠየቀችኝ። “እናቴ ጠዋት ትመጣለች” ስለምትለው ውሸት ነገርኳት።

“እናቷ ያን ቀን ስትወጣ ምን ብላት ነበር የሄደችው?”

በሩ ላይ ቆሜ ሰምቼዋለሁ። የማታ ፈረቃ ነኝ፣ ጠዋት እመጣለሁ ነበር ያለቻት። ያንን ለአስተማሪዋ ስነግራት ነው የገባኝ። ልጅቷ የተነገራትን ነበር የምትናገረው። ሌላ የነገራት ሰው አልነበረም። እኔም አልነገርኳትም።

አስተማሪዋ እሷም ተቆንጥጣ እንዳደገች፣ ማስተማር ስትጀምርም ማስመሪያ ትይዝ እንደነበር አጫወተችኝ። እውነቱን በአጭሩ ንገራት አለች። ስትናደድ ጣቶችህን ከኋላ አቆላልፍ፤ ያበላሸችውን አብራችሁ አስተካክሉ። አሁን እዚሁ ደግሞ ይቅርታ ጠይቃት አለችኝ። ልጅ ይቅርታ ጠይቄ አላውቅም ነበር። ተንበርክኬ ይቅርታ አልኳት። ልጅቷ አስተማሪዋን ነበር የምታየው።

ስለ እናቷም ነግሬያታለሁ። ደጋግማ ትጠይቀኛለች፤ ደጋግሜ እነግራታለሁ። ከዚያ ወዲህ አልቆነጠጥኳትም። ነገር ግን ጠዋት ሹራቧን ላለብሳት ስጠጋ፣ አሁንም ክንዷን በሌላው እጇ ትሸፍናለች። እኔም ሹራቡን ዘርግቼ፣ እጇን ራሷ እስክታስገባ ቆሜ እጠብቃለሁ። አንዳንድ ቀን ትምህርት ቤት እናረፍዳለን።