ጨው የበዛበት ስንቅ

እናቴ በጨው አትሰስትም። ሱሉልታ ላይ ላም እያለበችና ድርቆሽ እየሸጠች ባሳደገችን ቤት አልጫው እንኳ ምላስ ይቆነጥጥ ነበር። ካማረርን፣ «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ይሉሃል» ብላ ትተርትብናለች። ይህን የማወራው እሷን ለማማት አይደለም። ከጦርነቱ ተመልሼ የዋሸሁት ትልቁ ውሸት ከዚሁ ጨው ጋር ስለተያያዘ ነው።

ጦርነት ሰው እንደሚያወራው ሁልጊዜ ተኩስ አይደለም፤ አብዛኛው መጠበቅ ነው። ጫማ ትጠብቃለህ፤ ሲመጣ አርባ አራት ቁጥር ብቻ ይሆናል። እኔ አርባ ቁጥር ነኝ። ጫፉ ላይ ጨርቅ ጠቅጥቄ ስራመድ ጫማው ቀድሞኝ የሚደርስ ይመስለኝ ነበር። የሬዲዮ ባትሪ ትጠብቃለህ። ከሁሉ የከፋው ግን ውሃ መጠበቅ ነው። የሰፈርንበት ጋራ ደረቅ ነበር። ውሃ የሚያመላልስልን ቦቴ ጎማው ፈንድቶ መንገድ ላይ ቀረ፤ ሌላ ጎማ ከኋላ እስኪላክለት ሦስት ቀን ሙሉ ውሃችንን በኮዳ ክዳን እየለካን ጠጣን። ጠዋት አንድ ክዳን፣ ከሰዓት አንድ ክዳን።

በሦስተኛው ቀን መኪና መጣ። ሁላችንም ብድግ አልን። የጫነው ግን ጆንያ ብቻ ነበር፤ ሕዝቡ ከየአካባቢው ያዋጣው በሶና ቆሎ። በሶውን በምን እንበጥብጠው? ቆሎውን ግን ርቦን ስለነበር ተሻማንበት። ሁለት ሦስት እፍኝ ከቃምን በኋላ ነው ጨው መብዛቱ የታወቀን። ምላሳችን ከላንቃችን ጋር ተጣበቀ።

አጠገቤ የተቀመጠው ጓደኛዬ ከደቡብ መጥቶ ገላን ፋብሪካ ሲሠራ የነበረ፣ ጸሎት የማያስታጉል ጴንጤ ነው። ሲራገም ሰምቼው አላውቅም። ያን ቀን ግን የያዘውን ቆሎ መሬት ላይ በተነና፣ «ይቺን ሴትዮ ጠላት ነው እንዴ ቁዪ ያላት? እጇን ይያዘው!» አለ። ሰዉ ሳቀ። እኔም ልስቅ ስል ዓይኔ የጆንያው አፍ ላይ አረፈ። በሰማያዊ የድርቆሽ ማሰሪያ ገመድ ተሰፍቷል፤ መጨረሻው ላይ ሦስት ቋጠሮ አለው። ቆሎው ውስጥ ደግሞ ሱፍ ገብቶበታል። እናቴ ጆንያ ስትሰፋ በሁለት ቋጠሮ አታምንም፤ ቆሎም ያለ ሱፍ አታዘጋጅም።

ተናድጄ ነበር፤ በእሱ ይሁን በእሷ አላውቅም። ደስም ብሎኝ ነበር። ከዚያ ሁሉ ጆንያ መሀል የቤታችን ጆንያ ያን ሁሉ አገር አቋርጦ እኔ ያለሁበት መድረሱን እስከ ዛሬ ሳስበው ይገርመኛል። ጓደኛዬ የበተነውን ቆሎ አንድ በአንድ ለቅሜ ኪሴ ከተትኩት። እሱም እንዳበደ ሰው አየኝ። ቦቴው የደረሰው በማግስቱ ነው።

እኔን ከግንባር የመለሰኝ ጥይት ሳይሆን ያ ጫማ ነው። ፍትጊያው እግሬን አቁስሎ፣ ቁስሉ አመርቅዞ፣ በመጨረሻ አሰናበቱኝ። ቤት በገባሁ በሳምንቱ እናቴ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ቆሏችን ደርሷችሁ ነበር?»

«ደርሶናል እማዬ።»

«ጣፈጠ?»

«እንዴታ! ጣት ያስቆረጥም ነበር።»

ፊቷ በራ። ያን ቀን ማታ ሳይደርስ ወሬውን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሰማው። ምን ቸገረኝ አልኩ። እናትን ማስደሰት ደግሞ መቼ ነው ውሸት የሆነው?

እግሬ ሲሻለኝ እዚያው ሱሉልታ፣ ውሃ የሚያሽግ ፋብሪካ ውስጥ የጫኝነት ሥራ አገኘሁ። ወራት አለፉ፤ ጦርነቱ ግን አላለቀም። ቀበሌው እንደገና ስንቅ ጠየቀ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከቤት ስወጣ ሴቶቹ ግቢያችን ውስጥ ትልቁን ብረት ምጣድ ጥደው ገብስ ይቆላሉ። እናቴ ጨው የተበጠበጠበትን ጣሳ ይዛ ትኩሱ ቆሎ ላይ ትረጫለች። ልጇ ገና ግንባር ያለው ጎረቤታችን፣ «ኧረ አልበዛም?» አለቻት።

«ምን ይበዛል! ልጄ እዚያው በልቶ መሰከረልኝ እኮ!»

ጎረቤታችን ወደ እኔ ዞረች። «እውነት ነው? የኔም ልጅ ይወደዋል?»

ጓደኛዬ መሬት ላይ የበተነው ቆሎ ትዝ አለኝ። ይቺ ሴት የምትጠይቀኝ ስለ ጨው አልነበረም፤ ልጇ እዚያ እንዴት እንደሚውል ነው። ልዋሻት አልቻልኩም። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የቦቴውን ጎማ፣ የኮዳውን ክዳን፣ የተጣበቀውን ምላሳችንን። እርግማኑን ብቻ አስቀረሁ።

እናቴ ጣሳውን እንደያዘች ቀረች። «ቢሻን?» አለች ቀስ ብላ። «ውሃ አልነበራችሁም? ጣፈጠ አላልከኝም?»

«የቤቴ ስለሆነ ጣፍጦኛል እማዬ። ግን አስጠማን።»

ይቅርታ ልጠይቃት ስል ጀርባዋን ሰጠችኝና የጨዉን ውሃ ከአጥሩ ሥር ደፋችው። ጨው የነካውን ቆሎ ለቤት ብላ ለየች፤ አዲስ ገብስ ተቆላ። እኔም ከሥራዬ ቀርቼ ጆንያውን ይዤላት በዚያው ሰማያዊ ገመድ ሰፋችው። ሦስተኛውን ቋጠሮ ልትቋጥር ስትል ወስፌዋን አቆመችና ቀና ብላ አየችኝ።

«ታዲያ ለእነሱ ውሃውን በምን እንላክላቸው?»

በአስፋልቱ ላይ እኛ ፋብሪካ የጫንናቸው መኪኖች ውሃ ተሸክመው ወደ አዲስ አበባ ይወርዳሉ። በማግስቱም የምጭነው እኔ ነበርኩ።